የወግዲ ዜሮ

መካነ ሰላም
ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፈቀዱልን፤ ሀናንዬ፣ ፈቀዱልን። የሦስቱም ወረዳ፣ የእኛም የደጎሎም የወግዲም፣ መረጃ አንድ ቦታ ይሰብሰብ ብሎ የገበሬዎች ዩኒየናችን ቦርድ ትናንት ወሰነ። ሥራውን ማን ይምራው ሲባል ደግሞ ሥራ አስኪያጃችን አቶ አለምነው «ከአልታዬ ሌላ ማን አለን?» አለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መዝገብ ክፍል ገባሁ፣ እዚያው ሸበትኩ፣ ዛሬ ደግሞ የዘመናዊ መረጃ አስተባባሪ ተባልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ የለኝም፤ ደስታ ነው።

አሁን ወደ ሰላምታዬ ልመለስ፣ ባለጌ እንዳትይኝ። እንደምን ከርመሻል የእህቴ ልጅ? የአክስቴ ልጅ ብትሆንም እናትሽ ሩቂያ ለእኔ እህቴ ናት፤ አንድ ጓሮ ነው ያደግነው። አላህ ይጠብቅሽ፣ እመብርሃንም አትለይሽ፤ ሁለቱንም የምልሽ አንዱ ቢረሳ አንዱ እንዳይረሳ ነው። እናትሽ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማት ነበር፣ አሁን አልሐምዱሊላህ ትራመዳለች። ሻርጃ ሙቀቱ በረድ አለላችሁ?

ይህንን በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ ለሰላምታ እንጂ ለቁም ነገር ስለማይሆነኝ ነው፤ ይበተንብኛል። ጽፌ ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ኔትወርኩ ብቅ ሲል ይደርስሻል። ቢዘገይ አትደንግጪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሁን ያለን እዚህ ቢሮ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ደጎሎ ሂሳቡን ሲያጠቃልል ወግዲ ይቆማል። አምና የወግዲ ገበሬ ገብሱን በአህያ ጭኖ፣ ማሽኑ መልስ እስኪሰጥ መጋዘኑ በር ላይ ዋለ፤ ዝናብም መታው። የወግዲው ሊቀመንበር አቶ ቢሻው ያኔውኑ «አንድ ጊዜ ደግሞ ካቆማችሁን ከዩኒየኑ እንወጣለን» ብሏል፤ የሚለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ከገብሳችን ግማሹ የወግዲ ነው። ወግዲ ከወጣ እኛ የቀረነው ዩኒየን አይደለንም፣ ሁለት ጎረቤት ነን።

ሦስት ዓይነት ሐሳብ ቀርቦልናል። አንዱ የበለጠ ትልቅ ማሽን እዚሁ መግዛት ነው። ሁለተኛው ክላውድ በሚሉት፣ በኢንተርኔት በሚከራዩት የሩቅ ማሽን ላይ የመረጃ መጋዘን ይላል። ሦስተኛው የመረጃ ሐይቅ ይላል፤ አቶ አለምነው «ሐይቅ ድረስ ማን ይመላለሳል፣ ደሴን አልፎ ነው» ብሎ አሳቀን። ሥራሽ ይኸው አይደል? እስቲ አወዳድሪልኝ፣ ቦርዱ ፊት ቆሜ እንዳልንተባተብ።

ደግሞስ መቼ ነው የምትመጪው? እናትሽ «አትጠይቂያት፣ ትጨነቃለች» ብላኛለች። እኔ ግን ጠየቅሁ።

አክስትሽ አልታዬ


ሻርጃ
ጥቅምት 14 ቀን 2018

የተከበሩ እትዬ አልታዬ፣

አሰላሙ አለይኩም፤ እንኳን ደስ አለዎት። ደብዳቤዎን ቢሮ ሆኜ ከፍቼ ብቻዬን ስስቅ ጓደኞቼ አዩኝ። ያ ሹመት ለእርስዎ ካልሆነ ለማን ይሆናል? ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቢሮዎ ገብቼ ወረቀት አቀብልዎት ነበር፤ ሥራን በሥርዓት መያዝ ያየሁት እዚያ ነው። አላህ ውለታዎን ይክፈልልኝ።

ስለ ሦስቱ ሐሳብ በእኛ አገር ነገር ላስረዳዎት።

የመጀመሪያው፣ አንድ ቤት ውስጥ እህሉንም ሠራተኛውንም ማሳደር ነው። እህል ሲበዛ ቤቱን ማስፋት አለብዎት፤ ሥራ ሲበዛ ተጨማሪ ሰው ዓመቱን ሙሉ መቀለብ አለብዎት። ደጎሎ ሠራተኛውን በሙሉ ሲወስድ ለወግዲ የሚቀር የለም። አምና የሆነው ይኸው ነው። ጥቅሙ ግን ቤትዎ ውስጥ ነው፤ ኔትወርክ ቢጠፋም አይጠፋም።

ሁለተኛው እህሉን አንድ ሰፊ ጎተራ አኑሮ ሠራተኛውን ከጎተራው መለየት ነው። አጨዳ ሲደርስ ደቦ እንደምንጠራው ማለት ነው። ደጎሎ የራሱን ደቦ ይጠራል፣ ወግዲ የራሱን፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ሥራው ሲያልቅ ደቦው ይበተናል፤ ካልጠሩት የሚቀልቡት የለም። ይህ ጎተራ ግን የሚቀበለው የተበጠረ፣ የተለየ እህል ብቻ ነው። እንክርዳድ ያለበትን በሩ ላይ ይመልሳል። ስለዚህ ሲጠየቅ ቶሎ መልስ ይሰጣል።

ሦስተኛውም በደቦ የሚሠራ ነው፤ ልዩነቱ እህሉን ሳይወቃ፣ ከነገለባው እንደ ክምር መቀበሉ ነው። ምንም አይመልስም። የሚወቃው ሲፈለግ ነው። አንድ ጥሩ ጠባቂ ከሌለው ግን ክምሩ ይሻግታል፣ የማን ነዶ የት እንዳለ አይታወቅም።

ለእናንተ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ንጹሕ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ወግዲን አያስጠብቅም።

ለእማዬ ጉልበት ቅባት በሰው እልካለሁ።

ልጅዎ ሀናን


መካነ ሰላም
ጥቅምት 27 ቀን 2018

ይድረስ ለልጄ ለሀናን፣ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይክበብሽ፤

እንደምን አለሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ቅባቱ ደርሷል፣ እናትሽ ለጎረቤት ሁሉ እያስሸተተችው ነው፤ ጉልበቷ ላይ ከዋለው ሰው አፍንጫ ላይ የዋለው ይበልጣል።

ቦርዱ ፊት ቆምኩልሽ። አንቺ እንዳልሽው ሦስቱን አወዳደርኩ። ደቦውን ስላቸው ሁሉም ገባቸው፤ አቶ ቢሻው እንኳ፣ ያ የማይስቀው፣ «እንዲህ ነው እንጂ፣ ካሁን በፊት የመጣው ባለሙያ እንግሊዝኛውን እያገላበጠ አደከመን» አለ። ቀጥሎ ግን ጣቱን አንስቶ «ደቦ ጥሩ ነው፤ ደቦ የመጣ ሰው ግን የባለቤቱን ወግ ማወቅ አለበት» አለኝ። እኔም አዎ አዎ አልኩት። ሰው ደስ ሲለው አዎ ይበዛዋል።

አቶ አለምነው መጀመሪያ በሙከራ እንየው ብሏል፣ በዚህ ምርት። አንቺ ካልሠራሽው ማን ይሠራልናል? ከሥራሽ ተርፎሽ ከሆነ ነው፤ ሥራሽን የሚነካ ከሆነ ተይው፣ አልቀየምም። ትንሽ እቀየማለሁ።

ወላሂ ሀናን፣ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስገባ እንደ አዲስ ሙሽራ ነኝ። ለዚህ ላበቃኝ ፈጣሪ፣ ቀጥሎም ለአንቺ ምስጋናዬ አያልቅም።

የመጨረሻዋን ጥያቄዬን ግን ዘለልሻት። አይቻለሁ።

አክስትሽ


ሻርጃ
ኅዳር 3 ቀን 2018

እትዬ አልታዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።

ሙከራው ተዘጋጅቷል። ለየቅርንጫፉ ጸሐፊ አንድ አንድ ታብሌት ይሰጠዋል። ኔትወርክ ከሌለ ታብሌቱ ራሱ ይዞ ይቆያል፣ ሲመጣ ይልካል፤ ስለዚህ በር ላይ የሚቆም ሰው አይኖርም። ጸሐፊው በየቀኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳል፤ የዛሬው ምርት ስንት ኩንታል ነው የሚል። እህሉ ገና አውድማ ላይ ሳለ እንዲሞላ አድርጌዋለሁ፤ ዩኒየኑ መኪናና መጋዘን ቀድሞ እንዲያዘጋጅ ይረዳዋል።

ቁጥር እንጂ ሌላ ነገር አይቀበልም። በጣም ተጠንቅቄበታለሁ፤ ቆሻሻ አይገባበትም። አቶ አለምነው ሪፖርቱን በግድግዳ ላይ በሥዕል ያያሉ፣ እንደ ገብስ ዛላ ከፍ ከፍ ብሎ።

አሠሪዬ እንዳይቀየም ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው የሠራሁት፤ አያስቡ። የሠራሁት ነገር ለአገሬ ሰው ሲሆን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሉን ስለሰጡኝ ማመስገን ያለብኝ እኔ ነኝ።

ሀናን


መካነ ሰላም
ታኅሣሥ 2 ቀን 2018

ይድረስ ለሀናን፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። የዘገየሁት ኔትወርኩም ጠፍቶ ነው፣ ልቤም ጠፍቶ ነው።

ትናንት ስብሰባ ነበር። አቶ አለምነው ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አበራው። መካነ ሰላም ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ደጎሎ ከእኛም አልፎ ቆሟል። በወግዲ ቦታ ምንም የለም። ሥሩ ላይ ዜሮ ይላል። ከመጀመሪያው ቀን እስከ ትናንት ዜሮ።

አቶ አለምነው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቸኮለና «ወግዲዎች፣ ምርቱን ለሌላ ነጋዴ እየሸጣችሁ ነው እንዴ?» አለ። አቶ ቢሻው ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለና «አምና በር ላይ አቆማችሁን፤ ዘንድሮ ዜሮ ብላችሁ ግድግዳ ላይ ሰቀላችሁን። ከበር እስከ ግድግዳ አደግን» አለ። ሲወጣ እኔን አየኝና «አልታዬ፣ ደቦው ይኸው ነው?» አለኝ። ጥር ላይ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ መውጫቸውን ያን ቀን በጽሑፍ ያመጣሉ ተብሏል።

አንቺን ልወቅስ አይደለም፣ እንዲህ እንዳታስቢ። የሠራሽልንን ፈጣሪ ይቁጠርልሽ። ግን ማሽኑ ምን ነክቶት ነው? እናትሽ ይህንን አልሰማችም፤ አልነገርኳትም።

አልታዬ


ሻርጃ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2018

እትዬ አልታዬ፣

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ሁሉንም መረመርኩ። ማሽኑ ደህና ነው። የወግዲ ታብሌት በየቀኑ ልኳል፤ አንድም ቀን አልዘለለም። የማይገባኝ ይህ ነው። የሚልክ ሰው ለምን ዜሮ ይልካል? ጸሐፊው ቁጥር ያልሆነ ነገር ጽፎ ከሆነ ሥርዓቱ ይጥለውና ዜሮ ይተካበታል፤ የተጣለውን ደግሞ አያስቀምጥም፤ ስለዚህ ምን ተብሎ እንደነበር ከዚህ ሆኜ ላውቅ አልችልም።

አደራዎን፣ ወግዲ ወርደው አቶ ቢሻውን ያናግሩልኝ። በስልክ አይሆንም። ይቅርታም ይበሉልኝ።

ሀናን


መካነ ሰላም
ታኅሣሥ 20 ቀን 2018

ሀናንዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል፤ ጤናሽ እንዴት ነው? እህል ብዪ፤ በእኛ ነገር እንዳትከሺ።

ወግዲ ሄድኩልሽ። በሚኒባስ ተጨናንቄ፣ ከዚያ በእግሬ። አቶ ቢሻው አውድማ ላይ ነበር። በሬዎቹ እየዞሩ፣ እነሱ በመንሽ እያገላበጡ፤ ገብሱ አምሮበታል፣ ዜሮ የሚባል ገብስ አይደለም። እኔ ሞኟ ሰላምታዬን እንኳን አልጨረስኩም፤ የቢሮ አፍ ቀደመኝና «ይሄ ስንት ኩንታል ይወጣዋል?» አልኩ።

አንዱ ሽማግሌ ፊታቸውን አዙረው በአፋቸው አንድ ነገር አነበነቡ። አቶ ቢሻው መንሹን አቆመና

«አንቺ ሴትዮ፣ አባትሽ አውድማ አልነበረውም?» አለኝ።

ያኔ ነው ሀናን ደሜ ፊቴ ላይ የወጣው። ነበረው እንጂ። አባቴ አውድማ ላይ ቁጥር አያስጠራም ነበር። እህል ከአውድማ ሳይነሣ ስንት ነው አይባልም፤ በረከቱ ይሄዳል። ያንቺም አያት እንደዚሁ ናቸው፤ ቢስሚላህ ብለው ገብተው ዝም ብለው ነው የሚሰፍሩት። እኔም አንቺም የዚያ አውድማ ልጆች ሆነን፣ በየቀኑ ከአውድማ ላይ ስንት ሆነ የሚል ማሽን ላክንባቸው። መካነ ሰላምና ደጎሎ ዘንድሮ የሚወቁት በማሽን ነው፤ እነሱ ግድ አልሰጣቸውም።

«ታዲያ ጸሐፊያችሁ ምን ብሎ ሞላው?» አልኩት።

«ምን ይበል? በረከት ነው ብሎ ይጽፋል። በየቀኑ። ስንት ሆነ ሲለው በረከት ነው ይለዋል።»

«ማሽኑ እኮ ቃል አይገባውም፣ አቶ ቢሻው።»

«እንግዲያ አልገባኝም ይበላ። ሰው ሳይገባው ሲቀር እንዴት አልክ ብሎ ይጠይቃል። ዜሮ ብሎ ለምን ይሳደባል?»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። እሱም መሳቁን አየሁት፣ በጢሙ ውስጥ። ቁጭ በይ ብሎ ጠላ አስቀዳልኝ። «እህሉ ከዚህ ተነሥቶ ሚዛን ላይ ይውጣ፤ ያን ቀን እኔው ራሴ በአፌ እነግርሻለሁ፣ ሳንቲም አልደብቅሽም» አለኝ። ስለ መውጣቱ ግን ስጠይቀው «ጥር ላይ እናያለን፤ የሰቀለን ግድግዳ ያውርደን» አለ። ከዚያ ያለፈ ቃል አላወጣም።

ይህ አንቺ ያመጣሽብን ነገር አይደለም፤ እኔ አጠገቡ ሆኜ የዘነጋሁትን አንቺ ባሕር ማዶ ሆነሽ ብትዘነጊው ምን ይገርማል። አሁን ምን እናድርግ?

አክስትሽ


ሻርጃ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2018

ውድ እትዬ አልታዬ፣

ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት፤ በመጀመሪያው አፈርኩ፣ በሁለተኛው ሳቅሁ፣ በሦስተኛው ሥራ ጀመርኩ። «ዜሮ ብሎ ለምን ይሳደባል» የሚለውን ነገ ለሥራ ባልደረቦቼ እነግራቸዋለሁ፤ ዓረቡም ሕንዱም ይገባዋል።

ያወዳደርኩልዎትን ላርመው። ሁለተኛው ጎተራ ንጹሕ ነው ብዬ አመስግኜዋለሁ፤ ንጹሕ የሆነው ግን ያልገባውን ስለሚጥል ነው። ቅጹን ብቻ አስተካክዬ ልተወው እችላለሁ፤ በረከት ነው ሲል ዜሮ አትበል ብዬ። ነገ ግን እኔ የማላውቀው ሌላ ወግ ከሌላ ቀበሌ ይመጣል፤ ያንንም ይጥለዋል፤ የጣለውን ደግሞ መልሰን አናገኘውም። ሦስተኛው፣ ክምሩ፣ የመጣውን በመጣበት ቃል ያስቀምጠዋል። ቁጥር የመጣውን ቁጥር፣ ቃል የመጣውን ቃል። ወቅተን ካጠፋን ክምሩ እዚያው አለ፣ እንደገና እንወቃዋለን። ደቦውም እንደ ሁለተኛው ነው፤ ወግዲና ደጎሎ አይጠባበቁም። አይሻግትም ወይ ቢሉኝ፣ ጠባቂ ካለው አይሻግትም። ጠባቂውም እርስዎ ነዎት፤ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው። እኔ ብቻዬን አልበቃም፤ አይተውታል።

ሙከራውን ወደ ሦስተኛው ቀይሬዋለሁ። ከአውድማ ላይ ቁጥር አይጠየቅም። ጸሐፊው የፈለገውን ይጽፋል። ቁጥሩ የሚመጣው ከመጋዘኑ ሚዛን ነው። የቀድሞዎቹን ዜሮዎች ከግድግዳው አውርጃቸዋለሁ፤ እስከዚያ በሥዕሉ ላይ የወግዲ ቦታ ባዶ አይሆንም፤ ጸሐፊው የጻፈው ቃል ራሱ ይታያል።

ደግሞ ያቺን የዘለልኳትን ጥያቄ። መልስ ስላልነበረኝ ነው የዘለልኩት፤ ከሥራዬ የዕረፍት ፈቃድ ጠይቄ ሁለቴ ከልክለውኝ ነበር፣ ለእማዬ መናገር ከበደኝ። ትናንት እንደገና ጠየቅሁ። የጥር ጉባኤ እንደምን እንደሚሆን ይጻፉልኝ።

ሀናን


መካነ ሰላም
ጥር 14 ቀን 2018

ወግዲ አልወጣም። ይህንን አስቀድሜ ካልጻፍኩ ብዕሩ አልሄድ አለኝ። ወግዲ አልወጣም፣ ልጄ። እንደምን አለሽ፤ ጥምቀቱ በሰላም አለፈ፣ እናትሽም ከእኛ ጋር ቆማ ታቦቱን ሸኘች፤ አሚን በይ።

ጉባኤው ትናንት ነበር። አቶ ቢሻው መውጫ ወረቀቱን በደረት ኪሱ ይዞ ነው የገባው፤ ጫፉ ይታያል። አቶ አለምነው ምንም ሳይናገር ሥዕሉን አበራው። መካነ ሰላምና ደጎሎ እንደ ልማዳቸው ቁጥራቸውን ይዘው ቆመዋል። የወግዲ ቦታ ላይ ሥርዓቱን ከቀየርሽው ወዲህ «በረከት ነው» ይላል። በረከት ነው፣ በረከት ነው፣ ቀን በቀን፤ ከዚያ ሚዛን ላይ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይነሣል፣ ይነሣል፣ ደጎሎን ያልፋል። ከኋላ የደጎሎ ሰው ሆን ብሎ «እኛስ በረከት የለንም እንዴ፣ ለእኛም ይጻፍልን» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሰ።

አቶ አለምነው ተነሥቶ «አቶ ቢሻው፣ ያን ቀን ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለ። በሰው ፊት። አቶ ቢሻውም «ያልገባውን ከእነቃሉ የሚያስቀምጥ ማሽን ከብዙ ሰው ይሻላል» አለ። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። «ይህንንም ክምርሽ ውስጥ ጨምሪው፤ ምንም አይጥልም ብለሻል» አለኝ። ጨመርኩት። ጉባኤው ሦስተኛውን ሐሳብ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ከዚህ ቀጥሎ የቦርዱ ጸሐፊ ያንቺን ስም በምስጋና አስመዘገበ፤ ሀናን ብሎ ሲያነብ እናትሽ በር ላይ ቆማ ነበር፣ ማን እንደጠራት አላውቅም። እኔ አልጠራኋትም። ትንሽ ጠርቻታለሁ።

ስልክሽም ማለዳ ደረሰኝ፤ ፈቃዱ ተሰጠኝ ያልሽበት። ለሩቂያ ስነግራት ያንቺን ክፍል መጥረግ ጀመረች፣ እስካሁን እየጠረገች ነው። ምን ብዬ ላመስግንሽ? ለሥራው አመሰግንሻለሁ፤ ስለመምጣትሽም፤ አጥፍተሽ ሳትደብቂኝ መልሰሽ በማሰብሽ ግን ከሁሉ አብልጬ።

እንግዲህ ለወግዲ አብሮነትና ለአንቺ መምጣት የምንደግሰው የደስታ ቀን። አቶ ቢሻው ሌላ ቦታ አይሆንም ብሏል፤ ወግዲ፣ በዚያው አውድማ ላይ ነው፣ አሁን እህሉ ተነሥቶ ባዶ ነው። ቀኑን ስንመርጥ ግን ጠብ ሊነሣ ነበር። ዘንድሮ ዓቢይ ጾምና ረመዳን ተከታትለው በአንድ ሳምንት ይገባሉ፤ ከዚያ በፊት መሆን አለበት። ነነዌ አለች፤ ከእሷ በኋላ። ዓርብ አይሆንም፣ የእናንተ ጁምዓ የእኛ ጾም ነው። ሁለት ሰንጋ ይታረዳል፤ አንዱን ሼሁ ያርዱታል፣ አንዱን የእኛው ሰው፤ ድስቱም ሁለት፣ ዳሱ ግን አንድ ነው። ደጎሎዎች በመኪና ተጭነው ይመጣሉ፤ የመካነ ሰላም ሰው ማለዳ ይነሣል። ለምታገኚያቸው ሁሉ ንገሪ፣ አዲስ አበባ ላሉትም፣ ደሴ ላሉትም፤ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር። እሑድ የካቲት 1 ቀን፣ ወግዲ፣ ሁላችሁም።